የወፍ በሽታ፣ ሜዲካል እና ጉበት

ጉበትን ለማየት የመስቀል ቅርጫ የሚከፋፈልበት ጓሮ ይበቃል። በአንጋጫና በዙሪያዋ ባሉ የከምባታ ቀበሌዎች መስከረም ሲጋመስ ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ያርዳል፤ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመደባል። የሆድ ዕቃው ሲወጣ ጉበቱ በእጅ ይዳሰሳል። ጤነኛው ጉበት ጥቁር ቀይ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጠርዙም ስስ ነው። የታመመው ይሻክራል፤ ቢላዋ ሲገባበት ይንኮሻኮሻል፤ ከቱቦዎቹም ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይወጣል። ስሙም የጉበት ትል ነው። በሬው ግን እስከ ትናንት ድረስ ሲያርስ የነበረ፣ የሚበላና የሚያመነዥግ በሬ ነው፤ ማንም ታሟል አላለም።

የሰው ጉበትም እንዲሁ ያታልላል። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የተሸሸገ አካል ነው። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት መጀመሪያ የሚገባው ወደ እሱ ነው፤ ስለዚህ የተበላው ቆጮ፣ የተጠጣው ወተት፣ የተዋጠው ክኒን ሁሉ በጉበት ደጅ ያልፋል። ጉበት ከምግብ የተገኘውን ስኳር ያከማቻል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን መልሶ ያወጣዋል። የተቆረጠ ጣት ደሙ እንዲቆም የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች የሚሠራው እሱ ነው። ውኃ ከደም ሥር ሾልኮ እግርና ሆድ ውስጥ እንዳይጠራቀም የሚይዘው አልቡሚንም የእሱ ሥራ ነው። ከፕሮቲን መፍረስ የሚመጣውን መርዘኛ አሞኒያ ወደ ዩሪያ ለውጦ ለኩላሊት ያስረክባል። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚቀረውን ቢጫ ቀለም፣ ቢሊሩቢንን፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያፈሳል።

አማርኛ ለጉበት ብዙ ቦታ አልሰጠውም። ሐዘን የአንጀት ነው፣ ቂም የሆድ፣ ድፍረት የሐሞት። ሐሞቱ የፈሰሰው ፈሪ ይባላል፤ ሐሞተ ኮስታራው ጀግና። ሐሞትን የሚያመርተው ግን ጉበት ነው፤ የሐሞት ከረጢት ማጠራቀሚያ ብቻ ነው።

ጉበት የሚረሳበት ምክንያት አለው። ውስጡ የሕመም ነርቭ የለውም፤ የሚያመው የውጭ ሽፋኑ ሲወጠር ነው። ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። እንዲህ ትርፍ አቅም ያለውና የማያም አካል ብዙ ተጎድቶም ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቱ የሚነቃው አቅሙ ሲሟጠጥ ነው።

ዓይን ቢጫ ሲሆን

ሕዝቡ የሚያውቀው የጉበት ምልክት ቢጫነት ነው፤ ስሙም የወፍ በሽታ። የሌሊት ወፍ በላዩ የበረረችበት ወይም የሸናችበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል ይባላል። ታማሚው ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ይደክመዋል። በዚህ ጊዜ ከጤና ጣቢያው በፊት የወፍ መድኃኒት አዋቂው ይጠራል። ለወፍ በሽታ ስሚዛ በብዙ አካባቢ ይጠቀሳል፤ ብሳናና የእንዶድ ሥርም እንዲሁ።

መድኃኒቱ «ሠራ» የሚባልበት ምሥጢር ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ቢጫነትን በድንገት ከሚያመጡት መካከል ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ ይገኛሉ፤ ሁለቱም በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉ ቫይረሶች ናቸው። በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይለቃሉ። ታማሚው ቅጠሉን ጠጥቶ ቢድን ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል፤ ባይጠጣም በአመዛኙ ይድን ነበር። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። እንዶድ መርዝነት ያለው ተክል ነው፤ ልኩ በማይታወቅ መጠን የተጠጣ ሥር የታመመውን ጉበት ሊጨርሰው ይችላል። ደግሞም ቢጫነት ሁልጊዜ ሄፓታይተስ ኤ አይደለም። የሐሞት ጠጠር፣ ወባ፣ የቲቢ መድኃኒት ያስከተለው ጉዳት፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ሄፓታይተስ ኢ ለነፍሰ ጡር ሴት የተለየ አደጋ አለው፤ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከያዛቸው እናቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ልትሞት ትችላለች። ኢትዮጵያ ይህን ቫይረስ በወረርሽኝ መልክ ታውቀዋለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በሰሜን በነበሩ የጦር ካምፖች ተነሥቶ የነበረውን ወረርሽኝ ያጠኑት ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች ታየ። ሁለቱንም ቦታ የሚያመሳስለው ብዙ ሰው፣ ጥቂት ውኃና የመጸዳጃ እጦት ነው።

«ጉበት አለብሽ»

ትልቁ ጉዳይ ግን ቢጫ የማያደርገው ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ብዙ ወጣት ስለ ጉበቱ መጀመሪያ የሚሰማው አሞት ሳይሆን ከአገር ሊወጣ ሲል ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚጓዝ ሰው የሕክምና ምርመራ ያልፋል፤ ስሙ በአጭሩ ሜዲካል ነው። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይታያል። ፓስፖርቷን አውጥታ፣ ቤተሰቧ ከብት ሸጦ የላካት ልጅ «አንፊት» ተብላ ትመለሳለች፤ ወረቀቱን የሚያስረዳት ሰው ካገኘች «ጉበት አለብሽ» ትባላለች። በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወጣውን ወንድሟን ግን ማንም ደሙን አያየውም። ሌሎች ደግሞ ደም ሲለግሱ ወይም ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ ያውቃሉ። በሦስቱም መንገድ ምርመራው የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የጉበት ዜናው በጎን የመጣ ነው። ስለዚህም ወረቀቱ እንደ ፍርድ ይቆጠራል፤ የክትትል መጀመሪያ መሆኑን የሚነግር አይኖርም።

ሄፓታይተስ ቢ በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የጤና ድርጅት ግምት 254 ሚሊዮን ሰው ውስጥ የሚኖር ቫይረስ ነው። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንታኔ ሥርጭቱን 7.4 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል፤ የሄፓታይተስ ሲን ደግሞ 3.1 በመቶ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በሕፃናት መካከል በቁስልና በጭረት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌና ምላጭ። ከአካል ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ የጋራ ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ አይናቁም።

ሁሉን የሚወስነው ዕድሜ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ዓመት ከተያዙ አሥር ሕፃናት በዘጠኙ ገደማ ቫይረሱ ዕድሜ ልክ ይቀራል። ካደጉ በኋላ ከተያዙት ግን ከሃያው አንዱ እንኳ አይቀርበትም፤ ሰውነት ታግሎ ያባርረዋል። ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል «የወደቀችው» ልጅ ቫይረሱን የያዘችው ምናልባት ገና መራመድ ሳትችል ነበር። አዋቂ ሆና ስለሠራችው ነገር የሚነሣው ሐሜት ሁሉ ይህን አያውቅም።

ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር አዋሕዳ መስጠት የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይወስደዋል። ዛሬ ሃያ ዓመት ያለፈው ወጣት ሁሉ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ሜዲካል የሚወድቀው ትውልድና ክትባቱ ያልደረሰው ትውልድ አንድ ነው። ስድስት ሳምንትም ቢሆን ለአንዳንዱ ሕፃን ይዘገያል፤ እናቱ ቫይረሱ ቢኖርባትም ባይኖርባትም ማንኛውም ሕፃን የመጀመሪያውን መጠን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያገኝ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። በደጋ ቀበሌ እቤት የተወለደን ልጅ በ24 ሰዓት መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቁታል። ስለዚህ እናቲቱ ገና በእርግዝና ብትመረመር ይሻላል፤ የቫይረሷ መጠን ከፍ ካለ ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የምትወስደው ክኒን ልጇን ይጠብቃል።

በአንድ ገበታ መብላት፣ መጎራረስ፣ መሳሳም፣ ማጥባት ሄፓታይተስ ቢን አያስተላልፍም። ይህ መጻፍ ያለበት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ሳህኗ ተለይቶ የተቀመጠባት ምራት ብዙ ናት።

ምላጩ

የምላጭ ጉዳይ በከምባታ የራሱ ታሪክ አለው። እንጥል መቁረጥ፣ ዋግምት፣ ብጣት፣ የሴት ልጅ ግርዛት፤ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ምላጭ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። በከምባታ ተወልደው ያደጉት ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ከምባቲ መንቲ ጌዚማን አቋቁመው ግርዛትን የተቃወሙት ስለ ጉበት ብለው አልነበረም፤ የሴት ልጅን አካልና ክብር ብለው ነው። መንገዳቸው በማኅበረሰብ ውይይት የሚሄድ ነበር፤ ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ስትዳር እንድትታይ አደረጉ፤ ልማዱም በአካባቢው እጅግ ቀነሰ። ቦጋለች በ2019 አረፉ። የቆመው ምላጭ ግን ሳይታሰብ ለሄፓታይተስም አንድ በር ዘግቷል፤ የሕክምና መጻሕፍት ይህን የሚቆጥሩት እምብዛም ነው።

የሕክምና መሣሪያም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢልሐርዝያን ለማጥፋት በዘመቻ የተሰጠው መርፌ በሚገባ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው ስለተላለፈ አገሪቱን በሄፓታይተስ ሲ ሞላት። ግብፅ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂ ሕዝቧን በጅምላ መርምራ በክኒን አከመች። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በአብዛኛው በሦስት ወር ክኒን ከመቶው ከ95 በላይ የሚድን ነው፤ ክትባት ግን የለውም። ሄፓታይተስ ቢ ተቃራኒው ነው፤ ክትባት አለው፣ ሙሉ ለሙሉ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም።

ሃያ ዓመት

ቫይረሱ ከገባ በኋላ የሚሆነው ቀርፋፋ ነው። የሰውነት መከላከያ የተያዙትን ሕዋሳት ይመታል፤ በተመቱት ፈንታ ጠባሳ ይበቅላል። ጠባሳው እያደር ይያያዝና ጉበቱን ወደ ድቡልቡል እብጠቶች ይከፋፍለዋል፤ ይህ ሲሮሲስ ነው። ደም በጠጠረ ጉበት ማለፍ ሲያቅተው መንገድ ይለውጣል። ወደ ጉሮሮ ቧንቧ የተገፋው ደም ሥሮቹን ያሳብጣል፤ አንድ ቀን ሲፈነዱ ታማሚው ደም ያስመልሳል። አልቡሚን ሲያንስና ግፊቱ ሲጨምር ሆድ ውኃ ይቋጥራል። አሞኒያ ሳይጣራ ወደ አንጎል ሲደርስ ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቃዣል፤ ዘመዶቹም ጠበል ይዘውት ይሄዳሉ ወይም ይጸልዩለታል። ከሲሮሲስ ጋር፣ አንዳንዴም ያለ ሲሮሲስ፣ ካንሰር ይመጣል። ይህ ሁሉ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት አብዛኞቹ ደግሞ እዚህ ጭራሽ አይደርሱም።

ያ ረጅም ጊዜ ለክትትል የተሰጠ ነው። አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ የሆነ ምርመራ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል፤ ያኔም ካለ ሥር የሰደደ ነው ይባላል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የጉበት ኢንዛይም፣ የፕላትሌት ቁጥር፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቻልም የቫይረስ መጠን ነው። ከኢንዛይምና ከፕላትሌት ብቻ የጠባሳውን ልክ የሚገምት አፕሪ የሚባል ስሌት አለ፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ሕክምና የሚጀምሩበትን ደፍ ዝቅ ያደረገው፣ ውድ ምርመራ በሌለበት ቦታ ያሉት እንዳይቀሩ ብሎ ነው። ከአንጋጫ ለሚነሣ ሰው ቅርብ ከሆኑት ትልልቅ ሆስፒታሎች አንዱ በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ስሙ ከሐዲያ ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የሆነችውን ንግሥት የሚያስታውስ ነው።

ክኒኑ ቴኖፎቪር ነው፤ በቀን አንድ። ለዓመታት በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት መደርደሪያ ላይ ለኤችአይቪ ታካሚ በነጻ ሲሰጥ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ላለበት ሰው አይደርስም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ1,300 በላይ የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኞችን መዝግበው መከታተልና ማከም ጀመሩ፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከነበሩት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ ነው። ክኒኑ ቫይረሱን አያጠፋም፣ ያስተኛዋል። የጠጠረው ጉበት እንኳ በዓመታት ውስጥ ሊለሰልስ ይችላል። «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት ማቆም ግን ቫይረሱን በኃይል ይቀሰቅሰዋል። ሲሮሲስ ያለበት ወይም ቤተሰቡ ውስጥ የጉበት ካንሰር የነበረ ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል፤ ትንሽ ሳለ የተገኘ ዕጢ ሊቆረጥ ይችላል፣ ያበጠ ሆድ ይዞ የመጣ ግን ዘግይቷል።

ሌሎቹ

በከምባታና በሐዲያ የጉበት ሕመምተኛን «ጠጥቶ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ስም ማጥፋት ነው። የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አማኞች በብዛት ባሉበት አገር ከንፈሩ አረቄ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሲሮሲስ ይዞ ይመጣል። እርግጥ አረቄ ጉበትን ይጎዳል፤ ቫይረስ ባለበት ጉበት ላይ ሲጨመር ደግሞ ጥፋቱን ያፋጥናል። ለእንዲህ ያለ ሰው ልክ የሚባል መጠን የለም።

የኢትዮጵያ ጉበት የሚጠቃበት መንገድ ከአረቄና ከቫይረስ ሰፊ ነው። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር ከ2001 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር፤ መጀመሪያ በሽታው ስም እንኳ አልነበረውም። መርማሪዎች ከብዙ ድካም በኋላ የደረሱበት በማሳ ውስጥ ከእህሉ ጋር በቅሎ አብሮ የሚታጨድና የሚፈጭ አጄራተም የተባለ አረም ነው፤ መርዙ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፍናል። በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ለዓመታት ጫት የቃሙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። ቢልሐርዝያ ወዳለበት ወንዝና ሐይቅ የሚገባ ሰውም ጉበቱ ውስጥ የትሉ እንቁላሎች ጠባሳ ይሠራሉ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የበሽታውን አስተላላፊ የሚገድል ተክል ያገኙት ለዚህ ነበር።

አፍላቶክሲን በእርጥበት የተከማቸ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ሲበላው የካንሰር አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የሃላባና የማረቆ በርበሬ ከአንጋጫ ማዶ ስለሆነ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። መከላከያው በርበሬውን በምንጣፍ ላይ በደንብ አድርቆ ማስቀመጥና የሻገተውን መጣል ነው፤ ማጠብና መቁላት መርዙን አያጠፋውም። የበሬው የጉበት ትል ደግሞ በተበላ ጉበት አይተላለፍም፤ ሰውን የሚይዘው ረግረግ ውስጥ ከበቀለ ጥሬ ቅጠልና ካልተጣራ ውኃ ነው። ዱለት የሚያሰጋው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ጥሬ ሥጋ ከሚያመጣው ባክቴሪያ ራሱን መከላከል ይከብደዋል።

በከተሞች ደግሞ የጉበት ስብ መጥቷል። ለስላሳ መጠጥ፣ ተቀምጦ መዋልና የሆድ ቦርጭ ጉበትን በስብ ይሞሉታል፤ የስኳር በሽታ ሲጨመር ወደ ጠባሳ ይሄዳል። ከክብደት ከአሥር አንዱን መቀነስ ብዙውን ስብ ያስወጣል።

ሲሮሲስ ላለበት ሰው ምግብ ትልቁ ክርክር ነው። «ጉበት ያለበት ሥጋና ወተት አይንካ» የሚለው ምክር ይጎዳዋል፤ ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፣ ፕሮቲን ያጣ ታማሚም ጡንቻው ይሟሟል። ከቆጮው ጋር አይብ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ የበሰለ ሥጋ ያስፈልገዋል፤ ሌሊቱን ባዶ ሆድ እንዳያነጋም ከመኝታ በፊት ጥቂት ይቅመስ። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ክኒን አይለፍ፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጭራሽ ይቅሩበት። ሆዱ ውኃ ከቋጠረ የሚቀነሰው ጨው ነው። ቡና ግን ይጠጣ፤ በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ቡና ጠጪዎች ሲሮሲስና የጉበት ካንሰር እንደሚያንሳቸው አሳይተዋል። ቡናን በጨው የመጠጣት ልማድ ባለበት ቤት ጀበናው አይለይ፤ ለታማሚው የሚቀዳው ሲኒ ብቻ ጨው አይግባበት።